አንድ መብራት፣ አንድ ፊት፣ አንድ ነጠላ

(የመግቢያ ሙዚቃ)

የዛሬው ዝግጅት ካሜራ በቅርቡ ለጀመሩ፣ በፎቶ ቤት ወይም በገዛ ቤታቸው አንድ ክፍል ውስጥ የሰው ፊት በመብራት ማንሳት መማር ለሚፈልጉ ነው። ፎቶ በሬዲዮ እንዴት ይማሩታል የሚል ቢኖር፣ ለዛሬው ትምህርት የሚያስፈልገን ምስል አጠገባችሁ ያለ ሰው ፊት ነው።

ቀን ከሆነና ቤት ውስጥ ካላችሁ፣ እስቲ አምፖሉን አጥፉና አንድ ሰው መስኮት አጠገብ አቁሙ። መጀመሪያ ፊቱን ወደ መስኮቱ ያድርግ። ግንባሩ፣ ሁለቱ ጉንጮቹ፣ አገጩ እኩል በርተዋል፤ ጥላ የለም ማለት ይቻላል። አሁን እናንተ ካላችሁበት ሳትንቀሳቀሱ፣ እሱ ቀስ እያለ ወደ ጎን ይዙር። የአፍንጫው ጥላ ትንሽ ሆኖ ብቅ ይላል። ሲዞር ጥላው እየረዘመ ወደ ጉንጩ ይሄዳል፤ ጥቂት ቆይቶም ከጉንጩ ጥላ ጋር ይገጥማል። በዚያች ቅጽበት ከመስኮቱ በራቀው ዓይን ሥር ሦስት ማዕዘን የሆነች የብርሃን ቁራጭ ብቻ ትቀራለች። አሁንም ከዞረ ቁራጯ ትጠፋና ፊቱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወገን የበራ፣ ሌላው የጨለመ።

የፎቶ ቤት መብራት ትምህርት መሠረቱ ይኸው ያያችሁት ነው። ያቺ ሦስት ማዕዘን በኔዘርላንዳዊው ሠዓሊ በሬምብራንት ስም ትጠራለች፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1606 ተወልዶ በ1669 የሞተው ይህ ሰው በብዙ ሥዕሎቹ ላይ ፊትን በእንዲህ ያለ ብርሃን አሳይቷል። መብራቱ ፊት ለፊት ከፍ ብሎ ቆሞ ከአፍንጫ በታች ትንሽ ጥላ ሲጥል ደግሞ ቢራቢሮ ይሉታል፤ የጥላውን ቅርጽ አይተው ነው። ስሞቹን ለመሸምደድ አትቸኩሉ። ዓይናችሁ የአፍንጫን ጥላ መከታተል ከለመደ፣ የትኛውንም ፎቶ አይታችሁ መብራቱ የት እንደቆመ መናገር ትችላላችሁ፤ እሱን ያወቀ ሰው ያየውን ብርሃን መልሶ መሥራት አያቅተውም።

ጀማሪ ብዙ ጊዜ ጥያቄውን የሚጀምረው ከዕቃ ነው። ስንት መብራት ልግዛ? ስንት ዋት? የትኛው ብራንድ? የኔ መልስ አንድ ብቻ የሚል ነው። ሁለት መብራት በአንዴ ያበራ ጀማሪ ፊቱ ላይ ያለው ጥላ የየትኛው እንደሆነ መለየት ያቅተዋል፤ አንዱ ያበላሸውን ሌላው ይሸፍነዋል፤ መጥፎው ፎቶ ለምን መጥፎ እንደሆነ፣ ጥሩውም ለምን ጥሩ እንደሆነ ሳያውቅ ወራት ያልፋሉ። አንድ ፍላሽ፣ ከካሜራው ርቆ እንዲተኮስ የሚያደርግ ትሪገር፣ አንድ ስታንድ፣ አንድ ነጭ ጃንጥላ ወይም ሶፍትቦክስ የሚባለው ፊቱ ነጭ ጨርቅ የሆነ የመብራት ሣጥን፣ በተጨማሪም አንድ ትልቅ ነጭ ካርቶን። ለረጅም ጊዜ ይኼ በቂ ነው።

መብራቱን የት ላቁመው ለሚል፣ መነሻው ይኼ ነው፦ ከተነሺው አንጻር ከካሜራው ወደ አንድ ጎን 45 ዲግሪ ያህል አውጡት፤ ከዓይኑ ከፍ አድርጋችሁ ወደ ታች አዘንብሉት። ከዚያ ብሌኑን ተመልከቱ። የመብራቱ ነጸብራቅ ብሌኑ ላይ ከላይ በኩል ብልጭ ካለ ቁመቱ ደህና ነው። ነጸብራቁ ከጠፋ መብራቱ ከመጠን በላይ ወጥቷል፤ የቅንድብ አጥንት ዓይኑን ጋርዶታል ማለት ነው። ኮርኒስ ላይ ባለ አምፖል ሥር የተነሣ ሰው ዓይኑ የጎደጎደ መስሎ የሚወጣው በዚህ የተነሣ ነው። ነጸብራቅ የሌለው ዓይን ሕይወት ያጣል፤ ስለዚህ ሌላው ሁሉ ቢሰምር እንኳ ዓይኑ ሳይበራ ካሜራውን አትጫኑ።

(አጭር ሙዚቃ)

ቀጥሎ መጠን። ጀማሪ ለስላሳ ብርሃን ማለት ደካማ ብርሃን ይመስለዋል፤ ጥላን የሚያለሰልሰው ግን የመብራቱ ስፋት ነው፤ ስፋቱም የሚለካው ከተነሺው ቦታ ሆኖ ሲታይ ነው። ፀሐይ እጅግ ግዙፍ ናት፤ ከኛ በጣም ስለራቀች ግን ሰማይ ላይ የምትታየን ጠባብ ሆና ነው፤ ስለዚህ ጥላዋ ጠርዙ የተቆረጠ፣ ደረቅ ነው። የክረምት ደመና ሲሸፍናት ሰማዩ ሁሉ መብራት ይሆንና ጥላው ይሟሟል። መስኮት ላይ አቡጀዲ ብትጋርዱም፣ ፍላሽን በነጭ ጃንጥላ ውስጥ ብታሳልፉም የምትሠሩት ያንኑ ነው፤ ጠባቡን ሰፊ ማድረግ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ሰፊውን ሶፍትቦክስ ገዝቶ ሦስት ሜትር አርቆ ያቆመዋል። ከዚያ ርቀት ሲታይ ሶፍትቦክሱ ጠባብ ነው፤ ጥላውም ይደርቃል። የሶፍትቦክሱ ስፋት አንድ ሜትር ከሆነ፣ ከፊቱ አንድ ሜትር አካባቢ ይቁም። ፎቶው ውስጥ ገብቶ እስኪታይ ድረስ ማቅረብ፣ ከዚያ ትንሽ ሳብ ማድረግ ጥሩ ልማድ ነው።

ማቅረብ ሌላም ጥቅም አለው፤ እዚህ ትንሽ ስሌት ታገሡኝ። ብርሃን ከምንጩ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ኃይሉ ወደ ሩብ ይወርዳል። መብራቱ ከፊቱ አንድ ሜትር፣ ከኋላ ያለው ግድግዳ ከመብራቱ ሁለት ሜትር ከሆነ፣ ግድግዳው ላይ የሚደርሰው ፊቱ ላይ ከደረሰው ሩቡ ነው። ነጩ ግድግዳ ፎቶው ላይ ግራጫ ሆኖ ይወጣል። አሁን መብራቱን ከፊቱ አራት ሜትር አርቁት፤ ግድግዳው አምስት ሜትር ላይ ሆነ። የሚደርሰው ብርሃን ከፊቱ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው፤ ግድግዳው ነጭ ወደ መሆን ይቀርባል። ግድግዳው አልተቀባም፣ ሌላ መብራትም አልተጨመረም፤ የተለወጠው ርቀት ነው። አንድ ነጭ ግድግዳ ያለው ሰው ነጭም፣ ግራጫም፣ ወደ ጥቁር የሚጠጋም ባክግራውንድ አለው ማለት ነው። የሰፊ ሶፍትቦክስ ብርሃን በጣም ቀርቦ ሲቆም ልክ በዚህ ስሌት ባይወርድም፣ አካሄዱ አይለወጥም።

ይህ ስሌት እኛ ዘንድ ከሁሉ የሚጠቅመው ነጠላ ለለበሰ ሰው ነው። ከውጭ የሚመጡ የትምህርት ቪዲዮዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳዩት ፈካ ያለ ፊትና ጠቆር ያለ ልብስ ነው። የኛ ተነሺ ግን ለበዓል፣ ለክርስትና፣ ለሠርግ ፎቶ ቤት ሲመጣ ተቃራኒውን ይዞ ይመጣል፤ ጠይም ወይም ጥቁር ፊት፣ ዙሪያውን ደግሞ በረዶ የመሰለ ነጠላ። ፊቱ ጎልቶ እንዲወጣ መብራት ሲጨመር ነጠላው ይቃጠላል፤ ፈትሉም፣ ሽመናውም፣ ጥለቱ አጠገብ ያለው ነጩም ጠፍቶ ባዶ ወረቀት ይሆናል። ነጠላውን ለማዳን መብራት ሲቀነስ ፊቱ ይጨልማል። ስንት የሚያምር የሐበሻ ቀሚስ በዚህ ምክንያት ሽመናው ሳይታይ ቀርቷል! ሸማኔው ቀናት የደከመበት ሥራ ነውና፣ ይህን መፍታት የፎቶ አንሺው ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ።

መፍትሔው አሁንም መብራቱ የቆመበት ቦታ ላይ ነው። መብራቱን ከፍ አድርጋችሁ ወደ ፊቱ አቅርቡት። ለምሳሌ ፊቱ ከመብራቱ 60 ሴንቲ ሜትር፣ ደረቱ ላይ ያለው ነጠላ 90 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ፣ በስሌቱ መሠረት ነጠላው ፊቱ ከሚያገኘው ብርሃን ከግማሽ በታች ያገኛል። ፊትን ለይቶ ለማብራት ሌላ መሣሪያ አላስፈለገም። ከዚያ ሶፍትቦክሱን በትንሹ አዙሩት፤ መሐሉ በቀጥታ ተነሺውን ከሚያይ ይልቅ ከፊቱ ቀድሞ ባዶውን ቦታ ይይ፣ ፊቱን የሚነካው ጠርዙ ይሁን። ነጠላው የተጣጠፈበት ትከሻ ደግሞ ከመብራቱ በራቀው ወገን ቢሆን ይመረጣል። ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ትከሻው ካንጸባረቀ፣ በመብራቱና በትከሻው መካከል ጥቁር ካርቶን ያዙ፤ ካርቶኑ ፎቶው ውስጥ እስካልገባ ድረስ ማንም አያውቀውም።

ነጠላውን ራሷ ላይ ያደረገች እናት ስትመጣ ነገሩ ይከብዳል፤ ነጩ ከፊቷ ጋር እኩል ርቀት ላይ ነውና ርቀት አይለያቸውም። ያኔ መብራቱን ይበልጥ ወደ ጎን ውሰዱት። ከጎን ተንሸራቶ የሚያልፍ ብርሃን የነጠላውን እጥፋትና ፈትል ያወጣል፤ ከፊት ለፊት የመጣ ግን ሁሉንም ያስተኛዋል። ሥራውንም በቅደም ተከተል ሂዱ። በመጀመሪያ ነጠላውን ብቻ እያያችሁ የመብራቱን ኃይል አስተካክሉ፤ ካሜራችሁ የተቃጠለውን ቦታ ብልጭ ድርግም እያደረገ የሚያሳይ ከሆነ፣ ነጠላው ላይ ብልጭታው እስኪጠፋ ቀንሱ። ከዚያ በኋላ ፊቷን በነጭ ካርቶን አንሡት፤ ካርቶኑን ከመብራቱ ተቃራኒ ወገን ወደ ጉንጯ እያቀረባችሁ። ደረቷ ላይ ያለው ነጠላም ራሱ ያግዛችኋል፤ ብርሃኑን ሽቅብ መልሶ ከአገጭ ሥር ያለውን ጥላ ያቀልለዋል።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ስለ ፊቱ ራሱ። ካሜራ የተለካው የሚያየው ነገር ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ እንዲገምት ነው። ስለዚህ በአውቶማቲክ ስታነሱ፣ ጠቆር ያለ ፊት ክፈፉን ሲሞላው ጨለማ መስሎት ያበራል፤ ፊቱ የራሱን መልክ አጥቶ ይገረጣል። ነጠላ ሲበዛበት ደግሞ ያጨልማል። ያው ሰው፣ ያው ቦታ፣ ሁለት የተለያየ መልክ። ካሜራውን ማኑዋል ላይ አድርጉት የምለው ለዚህ ነው።

ችግሩ ከካሜራ ይሰፋል። የአሜሪካው ኮዳክ ኩባንያ ለአሥርት ዓመታት ለፊልም ማጠቢያ ቤቶች የሚልከው የቀለም መመዘኛ ካርድ ነጭ ሴት ያለበት ነበር፤ የቀለም ማስተካከያው የእርሷን ቆዳ ልክ ሲያደርግ ጥቁር ቆዳ ዝርዝሩን ያጣ ነበር። ብዙ ዓይነት ቆዳ ያላቸውን ሰዎች የያዘ ካርድ የመጣው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990ዎቹ ነው። ዛሬ ዲጂታል ካሜራ ብዙ ተሻሽሏል። ልማዱ ግን በፎቶ አንሺውም በተነሺውም ላይ ቀርቷል፤ ፊትን ማፍካት ማሳመር የሚመስለው ሰው ዛሬም ብዙ ነው፤ በኮምፒውተርም ሁለት ሦስት ደረጃ የሚያነጣው አለ። እኔ ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። ጥቁር ቆዳ በፎቶ ላይ የሚያምረው በወዙ ነው። ነጣ ያለ ፊት ቅርጹን የሚያሳየው በአብዛኛው በጥላው ሲሆን፣ ጠቆር ያለ ፊት ግን በጉንጭ አጥንቱ፣ በግንባሩና በአፍንጫው ጫፍ ላይ በሚያርፈው አንጸባራቂ ብርሃን ቅርጹን ያወጣል። ያ ነጸብራቅ የመብራቱ መልክ ነው። መብራቱ ጠባብ ከሆነ ነጸብራቁ ጠባብና ኃይለኛ ይሆንና ላብ ይመስላል፤ ሰፊና ቅርብ ከሆነ ነጸብራቁ ይሰፋና ይለሰልሳል፤ ወዝ ይሆናል። ስለዚህ ፊቱ አብለጨለጨ ብላችሁ ፓውደር ከማንሣታችሁ በፊት መብራቱን አስፉት፣ ወይም ትንሽ ወደ ጎን ውሰዱት።

ለፍላሽ ሥራ የካሜራው መነሻ ይኼ ይሁን፦ አይኤስኦ 100፣ ሻተር 1/125፣ አፐርቸር 5.6 ወይም 8። ፍላሹን ሳታበሩ አንድ አንሡ። ፎቶው ጥቁር ሆኖ መውጣት አለበት፤ ያኔ የክፍሉ አምፖል እንዳልገባበት ታውቃላችሁ። ከዚያ ፍላሹን አብሩና ኃይሉን ከዝቅተኛው ጀምራችሁ ጨምሩ። የፍላሽ ብልጭታ እጅግ አጭር ስለሆነ ሻተሩን ከ1/125 ወደ 1/60 ብትቀይሩ ፊቱ ላይ ያለው ብርሃን አይለወጥም፤ የሚለወጠው የክፍሉ ብርሃን ነው። ሻተሩን ከልክ በላይ ካፈጠናችሁት ደግሞ፣ በብዙ ካሜራዎች ከ1/200 ወይም ከ1/250 በላይ፣ የፎቶው አንድ ወገን ጥቁር ሆኖ ይቆረጣል። ፍላሹ የተበላሸ ይመስላችኋል፤ የሻተሩ መጋረጃ ነው የጋረደው።

በኤልኢዲ መብራት ለምትሠሩ፣ የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነውና ርካሽ አምፖል በሰከንድ መቶ ጊዜ ይርገበገባል። በዓይን አይታይም፤ ፎቶው ላይ ግን ጥቁር መስመር ሆኖ ይወጣል። ሻተሩን 1/50 ወይም 1/100 ላይ ማድረግ ብዙውን ጊዜ ያጠፋዋል። ከአሜሪካ በዘመድ የሚመጣ የፎቶ ቤት ፍላሽ ደግሞ ለ110 ቮልት ብቻ የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ የኛ 220 ነው። ጀርባው ላይ ከ100 እስከ 240 የሚል ካልተጻፈ ቀጥታ ግድግዳ ላይ አትሰኩት። ፍላሽ ቢበላሽም አትክፈቱት፤ ከተነቀለ በኋላም ውስጡ የሚቆይ ኃይል ሰው ሊገድል ይችላል። ስታንዱም እግሩ ላይ የአሸዋ ከረጢት ይኑረው፤ በተለይ ሕፃናት ሲመጡ።

መብራት ለሌለው፣ ወይም መብራት ለሚጠፋበት፣ መስኮት አለ። የማሊው ፎቶ አንሺ ሴይዱ ኬይታ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1948 ባማኮ ላይ ፎቶ ቤት ከፍቶ በአብዛኛው በግቢው ውስጥ በቀን ብርሃን ነበር የሚያነሳው፤ ከኋላ ጨርቅ ይዘረጋል፤ የፊልም ዋጋ ውድ ስለነበር ብዙ ጊዜ አንድ ሰው የሚነሣው አንዴ ነው። እነዚያ ፎቶዎች ዛሬ በዓለም ታላላቅ ሙዚየሞች ተሰቅለው ይታያሉ። መስኮት ስትመርጡ ግን አንድ ነገር አስተውሉ። የአውሮፓ መጻሕፍት ፀሐይ የማይገባበት የሰሜን መስኮት ነው ይላሉ። ለፓሪስ ልክ ነው። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ርቃ ስለምትገኝ፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ግድም የቀትር ፀሐይ የምትቆመው በሰሜን በኩል ነው። እዚህ ፀሐይ የማይገባበት መስኮት እንደ ወሩ ይለያያል፤ በጥቅምትና በኅዳር የሰሜኑ፣ በግንቦት የደቡቡ። የግድግዳውንም ቀለም እዩ፤ አረንጓዴ የተቀባ ግድግዳ አጠገብ የቆመ ሰው ጉንጩ አረንጓዴ ይሆናል፤ ነጠላውማ ጨርሶ ይጠጣዋል። ነጭ አንሶላ መስቀል ይፈታዋል።

ደንበኛ ግማሽ ፊቱ ጥላ ውስጥ ሲሆን ፊቴን አጨለማችሁት ማለቱ አይቀርም። በጉርድ ፎቶ ዓይናችን ስለለመደ ነው፤ ጉርድ ፎቶ ለመታወቂያ ስለሆነ ጥላ የሌለበት ሊሆን ይገባዋል። አትከራከሩ። ነጩን ካርቶን ወደ ጨለመው ጉንጭ አንድ ክንድ አቅርቡና ደግማችሁ አሳዩአቸው። ጋሼ፣ እንዲህ ይሻላል ወይስ እንዲያ ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ሰው ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያይ ትንሽ ጥላ ያለበትን ይመርጣል፤ ካልመረጠም ፎቶው የእርሱ ነው።

የሳምንቱ ልምምዳችሁ ይኸው። ቤተሰባችሁ ውስጥ ለመቀመጥ ትዕግሥት ያለውን ሰው ለምኑ፤ ነጠላ ይልበስ፣ ወንበሩን ከግድግዳው አንድ ሜትር ተኩል አርቁ። መብራቱን ፊት ለፊት አቁማችሁ አንሡ፤ ከዚያ ትንሽ በትንሽ ወደ ጎን እያወጣችሁ ግማሽ ክብ እስክትጨርሱ አንሡ፤ ቁመቱንና ኃይሉን አትንኩ፣ ርቀቱንም በገመድ እየለካችሁ ያው አድርጉት። በሁለተኛው ዙር የመብራቱ አቅጣጫና ቁመት አይለወጥ፤ የምትለውጡት ርቀቱን ብቻ ይሁን፤ ብርሃኑ ሲቀንስ አፐርቸሩን ክፈቱ። ፎቶዎቹን በቅደም ተከተል ዘርግታችሁ ሦስት ነገር ብቻ እዩ፤ የአፍንጫውን ጥላ፣ የግድግዳውን ቀለም፣ የነጠላውን ፈትል። ያልገባችሁን በዝግጅታችን የስልክ መስመር ጠይቁን፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሁለተኛ መብራት ከተነሺው ጀርባ ስናቆም ጥቁር ፀጉር ከጥቁር ባክግራውንድ እንዴት እንደሚለይ እንነጋገራለን። 

(የመዝጊያ ሙዚቃ)